ያልሸጠችላቸው ቅጠል

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የመድኃኒት ቅጠል ቀማሚዋ የሱቋን መዝጊያ ገና ከፍታ መሳቢያዎቹን በጨርቅ ስትወለውል፣ አንዲት ሽማግሌ ሴት ከደጃፉ ቆሙ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ሽበታቸው አንዲት ዘለላ ሳታፈነግጥ ወደ ኋላ ተይዟል። ሰላምታ ሳያስቀድሙ፣ ግድግዳውን የሸፈኑትን የመሳቢያ ጽሑፎች አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አድርገው አንድ በአንድ ማንበብ ያዙ።

ቀማሚዋ መወልወሏን አቆመች። አንገቱን እንዲያ ሰበር አድርጎ የሚያነብ አንድ ሌላ ሰው ታውቃለች።

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአባቷ የወረሰችው ይህችኑ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነው፤ አብራት ያለችው ደግሞ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ሳል የያዘው፣ ሆዱን የቆረጠው፣ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ይመጣባታል። ከሁሉ አብልጣ የምትጠነቀቅለት ግን በገበያው «ልብ አጽና» የሚባለውን ነው፤ የአንድ እሾኻም የአጥር ቁጥቋጦ አበባ፣ ቅጠልና ቀይ ፍሬ፣ በጥላ ደርቆ፣ እንደ ሻይ በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ ለደከመ ልብ የሚጠጣ።

አንገቱን ሰበር የሚያደርገው ያ ሌላ ሰው ደግሞ ቀያሹ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የገበያውን መንገድ ለማስፋት መጥቶ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ከደጃፏ ተክሎ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ መስመሬ በሱቅሽ መሐል ሊያልፍ ነው» አላት።

«አጣመው» አለችው።

«ካጣመምኩት ከሥራ ያባርሩኛል።»

«እንግዲያው ተባረርና ከእኔ ጋር ቅጠል ልቀም!»

ሳቀ። መንገዱ በኋላ በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ፤ እሱ ግን በሱቋ በኩል መምጣቱን አልተወም። ዓመት ከመንፈቅ ተዋደው ከቆዩ በኋላ ለእናቱ ነገረ።

እናቱ ሠላሳ ዓመት የሴቶች ትምህርት ቤት የመሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከተማው ሁሉ «እትዬ ዳይሬክተር» እያለ መንገድ የሚለቅላቸው ሴት ናቸው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴት ልጆችን ከገበያ መደብ ኋላ እየጎተትኩ ሳወጣ ኖሬ፣ አንድ ልጄ ከመደብ ኋላ ሚስት ያምጣልኝ?» አሉ። «እኔ በቁሜ አይሆንም!»

አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ነውና የእናቱን ቃል ሰብሮ ማግባት አንጀቱ አልቻለም። እሷንም መተው አልቻለም። ሁለቱም ሲያቅተው ስልክ በማይሠራበት ሩቅ ሸለቆ ውስጥ በሚሠራ ድልድይ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። «እናቴን ስናፍቃት ትለሳለሳለች» ብሎ ነበር ሲሰናበታት። ይኸው ስምንት ወሩ። ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሾፌር ደብዳቤያቸውንም ያመላልሳል።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ከደጃፏ የቆሙት እኒያ እናት ናቸው። ከዚያ በፊት ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

«ልብ አጽና የሚሉት አለሽ?» አሉ።

«አለ፣ እማማ።»

«እማማ አትበይኝ።»

«እሺ፣ እትዬ። ለራስዎ ነው?»

«ለሰው ነው።»

«ሰውየው ኪኒን ይወስዳል?»

«ፈተና ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ቀማሚዋ። «ይህ ቅጠል ብቻውን አይሸጥም። የሚሸጠው ከነጥያቄው ነው።»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እንደ ጎበዝ ተማሪ መለሱ። ሰውየው የደም ግፊት ኪኒንና ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን ይወስዳል። ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል። ሐኪሙ ስለ ቅጠሉ አያውቅም።

«ይወቅ» አለች ቀማሚዋ። «ከአንዳንድ ኪኒን ጋር አይስማማም። ደግሞ ይህ ለልብ ምርኩዝ ነው፤ እግር አይሆንም። ሰውየው ኪኒኑን እንዳያቋርጥ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ፣ ከድኖ አሥር ደቂቃ። ይኸው የሳምንት።»

«የሳምንት ብቻ?»

«የሳምንት። ሲያልቅ መጥተው ያሳዩኛል።»

«ምኑን?»

«ፊትዎን።»

ሴትየዋ ሰውየው እሳቸው መሆናቸው ስለታወቀባቸው አልተቆጡም፤ ጥቅሉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሲወጡ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ያ መሳቢያ ላይ ‹አፅና› ብለሽ የጻፍሽው በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው» አሉ።

አክስቷ ከመጋረጃው ኋላ አንገቷን አወጣች። «ማን ናቸው ደሞ እኚህ?»

«አማቴ።»

«አማቴ? መቼ የሆኑትን?»

«ሊሆኑ እምቢ ያሉት» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ እንባ ሆነባት። ያንን ሁሉ ጊዜ ስትፈራው የኖረችው ፊት የልጁን ዓይን ይዞ ይመጣል ብላ አላሰበችም ነበር።

*

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጡ። በሚቀጥለውም። መጀመሪያ ቆመው ነበር፤ በሦስተኛው በርጩማ ተቀበሉ። በአራተኛው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው መጥተው፣ «ካልተሻሻለ ሕመሜ የሚብስብኝ በፊደልሽ ነው» ብለው የመሳቢያዎቹን ጽሑፍ በሙሉ አረሙ። የሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ፣ የንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ እየለዩ ሲያስተምሯት፣ አክስቷ ከመጋረጃው ኋላ «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልቆጥር ነው!» ስትል፣ እትዬ ዳይሬክተር ድንገት ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ቅጠሉ ጥሩ ሠራላቸው። ፊታቸው ጠራ። የገበያውን ዳገት ሁለቴ ብቻ አርፈው መውጣት ጀመሩ።

አምስተኛው ማክሰኞ ላይ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጓንታቸውን እያወለቁ፣ «ልጄ ይጽፍልሻል አይደል?» አሉ።

ቀማሚዋ እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ይጽፍልኛል፣ እትዬ።»

«መስመሩ አሁንም ወደ ታች ይንሸራተታል?»

«ይንሸራተታል።»

«መሬት ሲቀይስ ቀጥ ያደርጋል፤ ወረቀት ላይ ግን ይወድቃል» አሉ። «አውቄሽ ነው የመጣሁት፤ አንቺም አውቀሽኛል። ምን ዓይነት ሴት እንደሆንሽ ላይ ብዬ ነው። ልቤ መታመሙ ምክንያት ሆነልኝ።»

«አዩኝ?»

«ገና ነኝ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ተናገረ። ከዚያ እጇን ያዙ። «አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። መታመሜን እንዳትጽፊለት። ድልድዩን ጥሎ ይመጣል። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ መጥቶ አንድ ዓመት አጎደልኩበት። ሁለተኛ አላደርገውም።»

ቃል ገባች። ይህች ቃል በኋላ ምን እንደምታስከፍላት ማን ነግሯት!

በዚያ ሳምንት የመጣው የቀያሹ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሁለተኛውን ምሰሶ አቆምን። ከላይ ሆኜ ወንዙን ሳየው፣ በአንቺና በእናቴ መሐል የሚዘረጋ ድልድይ መሥራት ብችል ኖሮ ብዬ አሰብኩ። እሷን አይተሻት ታውቂያለሽ? በገበያ በኩል ስታልፍ እንኳ?» ቀማሚዋ ሦስት ገጽ መለሰችለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አክስቷ ጉልበት፣ ስለ ናፍቆቷ። የጠየቃትን ጥያቄ ግን ዘለለችው። ፖስታውን ስታሽግ ከሚወዱት ሰው ኪስ እንደ ሰረቀ ሰው እጇ ቀዘቀዘ።

*

ዘጠነኛው ማክሰኞ ላይ እትዬ ዳይሬክተር ከወትሮው አርፍደው መጡ። የደጃፉን ሦስት ደረጃ ለመውጣት ግድግዳውን ያዙ። በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ቀማሚዋ ወደ እግራቸው አየች። የጫማቸው ማሰሪያ ሳይቆለፍ ተለቋል።

ምንም ሳትጠይቅ ተንበረከከችና ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«እትዬ፣ ሌሊት እንዴት ይተኛሉ?»

«በሦስት ትራስ።»

«ኪኒኑስ?»

እትዬ ዳይሬክተር ጃንጥላቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ውኃ የሚያስወጣውን ትቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው። በየሰዓቱ የሚያሯሩጥ ኪኒን ለእኔ ዕድሜ ነውር ነው። የድሮ ተማሪዬ ሠርግ ላይ ያደረገኝን አልነግርሽም። ያንቺ ቅጠል ካዳነኝ ምን ያደርግልኛል?»

«ቅጠሌ አላዳነዎትም!» ሳታስበው ጮኸች። «ደግፎዎት ነው። ኪኒኑ ነው ተሸክሞዎት የኖረው። ይነሱ፣ ሱቁን ዘግቼ አሁኑኑ ሐኪም ቤት አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ሐኪም ቤት አልሄድም። እዚያ ያስተኙኛል፤ ካስተኙኝ ይሰማል፤ ከተሰማ ልጄ ይመጣል። የሳምንቴን ስጪኝ።»

«አልሸጥልዎትም።»

መጋረጃው ኋላ አክስቷ ሙቀጫዋን አቆመች።

«ምን አልሽ?»

«ሐኪሙ አይቶዎት ወረቀት እስኪጽፍልዎ ድረስ ከእኔ አንዲት ማንኪያ አያገኙም። ቅጠሉን ተማምነው ነው ኪኒኑን የተዉት። ካለ ቅጠሉ ይፈራሉ፤ ሲፈሩ ይሄዳሉ።»

«እኔን እምቢ?»

«እምቢ፣ እትዬ።»

ከበርጩማው ተነሱ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ዝቅ ባለ፣ እያንዳንዷን ቃል በሚቆርጥ የመምህር ድምፅ፣ «ዛሬ ለልጄ ልጽፍለት ነበር» አሉ። «‹ና፣ አግባት› ልለው። ይህን ቅጠል በእጄ ብታስቀምጪ፣ ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።»

ቀማሚዋ ስለዚያች ቅጽበት በኋላ ብዙ አሰበች። መሳቢያው በእጇ ሥር ነበር። መያዣው ሙቀቷን ይዞ ነበር። ሦስት ዓመት የጸለየችለት ነገር አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል ርቀት ላይ ቆሟል።

«እሱን በዚህ አልገዛውም» አለች፤ እንባዋ እየወረደ። «እርስዎን ሸጬ እሱን አልገዛውም።»

እትዬ ዳይሬክተር ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ተከትላቸው ሮጠች፤ ታክሲ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። መስታወቱ ውስጥ ያየችው ቁጣ መስሏት ልቧ ተሰበረ። ምን እንደነበረ ያወቀችው በኋላ ነው።

*

ረቡዕ ወደ ቤታቸው ሄደች። የቤት ሠራተኛዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እትዬ ሰው አያስገቡም» አለቻት። ዓርብ ዕለት መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ሄደች፤ «ታማሚዋ ራሳቸው ካልመጡ እኔ ምን ላድርግ?» አላት። ከዚያ ተመልሳ በሩን አንኳኳች። ያው መልስ። እሑድም ሄደች። በመስኮቱ መጋረጃ በኩል ሽበት ያየች መሰላት፤ መጋረጃው ተመለሰ።

በዚያው ረቡዕ ቃሏንም አፍርሳ ነበር። «እናትህ ታመዋል፤ ቶሎ ና» የሚል ሁለት መስመር ጽፋ ለሾፌሩ ሰጠችው። ሐሙስ ሰማዩ ተቀደደ። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ሾፌሩ ከነሲሚንቶው መሐል ላይ ቀረ።

ሰኞ ማለዳ እትዬ ዳይሬክተር መስኮታቸው አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የተጠጣ ብርጭቆና ከገበያው ጫፍ የተገዛ አንድ ትልቅ ከረጢት ልብ አጽና ነበር። የገበያው ጫፍ ሻጭ ምንም አይጠይቅም።

ወሬ ክንፍ አለው። እኩለ ቀን ሳይሆን «ቅጠል ሻጯ ገደለቻቸው» የሚለው ከተማውን ሞላ። ሁሉም በየማክሰኞው ከሱቋ ሲወጡ አይቷቸዋል፤ ከረጢቱ ከማን እንደተገዛ ማን ይጠይቃል?

«አትሂጂ፣ ልጄ» አለቻት አክስቷ። «የሰው ፊት እሳት ነው።»

ሄደች። ጥቁር ለብሳ ከሐዘንተኞቹ መሐል መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሟቿ ታናሽ እህት አይተዋት ተነሱ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ደግሞ ለማን ቅጠል ይዘሽ መጣሽ?» አሏት።

መናገር ትችል ነበር። ኪኒኑን ራሳቸው ነው የተዉት፤ ከሌላ ሰው ነው የገዙት፤ እኔ ከልክያለሁ ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን ያኔ ያ የሠርጉ ቀን ነውራቸው፣ ያ መፍራታቸው፣ ሁሉም በሐዘንተኛው አፍ ላይ ሊወድቅ ነው። በሕይወታቸው አንዲት ዘለላ ጸጉራቸው እንድታፈነግጥ ያልፈቀዱ ሴት! ተነሥታ ወጣች። ከበሩ ውጭ የገባት፣ ከተሰደበችው ስድብ ይልቅ የጎዳት ሌላ መሆኑ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ እንዳሉት ሁሉ እሷም ሰው ሞቶባታል፤ እንድታለቅስላቸው ግን ማንም ቦታ አልሰጣትም።

*

ቀያሹ የመጣው እናቱ ከተቀበሩ በስድስተኛው ቀን ነው። መርዶው ዘግይቶ ደርሶት፣ መንገዱ እንደተቆረጠ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው ከተማ የደረሰው። እሷ ጋ ለመምጣት ግን ሦስት ቀን ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። በርጩማው ላይ ሳይሆን ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። አክስቷ መጋረጃውን ዘግታ በጓሮ በር ወጣች።

ቀማሚዋ ለዚያ ሰዓት የምትለውን ሦስት ቀን ሙሉ ስታጠና ነበር። «የእኔ ቅጠል አይደለም» አለች በአንድ ትንፋሽ። «እኔ እምቢ ብያቸው ነበር፤ ለምኛቸው ነበር፤ ሦስት ጊዜ...»

«አውቃለሁ» አላት።

«ታውቃለህ?»

«ሠራተኛዋ ነገረችኝ። ሐኪሙም። ደግሞ ይኼ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።» ከደረት ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ጽሑፉ እንደ መስመር የቀና ነው። አነበበችው።

«ልጄ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ከደጇ ባዶ እጄን መለሰችኝ። በአንተ ስም ልገዛት ሞከርኩ፤ እንዲህ የሚያሳፍር ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። አልተገዛችልኝም። ሠላሳ ዓመት ሴት ልጆችን እምቢ ማለት ላስተምር ስደክም ኖሬ፣ አንዷን ሳላስተምራት አውቃው አገኘኋት። ላያት አፍሬያለሁ። ጥቂት ቀን እኮርፍና፣ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄጄ ወረቀቱን ይዤላት እሄዳለሁ። አንተም ድልድይህ ሲያልቅ...»

እዚያ ላይ ያቆማል።

ደረቷ ውስጥ ታስሮ የከረመው ነገር ተፈታ። በመስታወቱ ያየችው ቁጣ አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ወደዋት ነበር። ፈቅደዋት ነበር። ቀና ስትል፣ ሦስት ዓመት ሲያሳድዳቸው የኖረው ነገር ሁሉ ያለቀ መሰላት፤ እጇንም ወደ እሱ ዘረጋች።

እጇን አልያዘውም።

«ብትሸጪላትስ ኖሮ?» አላት።

«ምን?»

«ትክክል ነሽ። ሐኪሙም ትክክል ናት ብሏል። ግን ብትሸጪላት ኖሮ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ እግሯን ታዪ ነበር። ተቆጥተሽ፣ ለምነሽ፣ ቀስ ብለሽ...» ድምፁ ተሰበረ። «ከደጅሽ ስትሄድ ብቻዋን ቀረች። ያንቺ ቅጠል ከሆነ ቢያንስ አንቺም አብረሽ ነበርሽ።»

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ!»

«አራተኛ ጊዜ ብትሄጂስ?»

ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። «አንተስ? አንተ አሥር ወር ሙሉ የት ነበርክ? ይለሳለሳሉ ብለህ ሸለቆ ውስጥ ስትደበቅ፣ እግራቸውን የዳሰስኩት እኔ ነኝ! ትንፋሻቸውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ!»

ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። እሱ ግን አልተቆጣም፤ የሚጠብቀው መልስ እንደሆነ ሁሉ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«እሱን ነው የማልችለው» አላት ቀስ ብሎ። «አንቺን ይቅር የምልሽ ነገር የለኝም። አላጠፋሽም። ራሴን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ፤ አንቺ ደግሞ አለመኖሬን ያየሽ ሰው ነሽ። ፊትሽን ባየሁ ቁጥር በእኔ ቦታ ማን እንደነበረ አያለሁ። ሦስት ቀን ታገልኩ። እወድሻለሁ፤ እሱ አልጎደለም። ግን በየማለዳው ከዚህ ጋር መንቃት አልችልም።»

«ጊዜ ቢሰጠውስ?»

«ወደ ሌላ ድልድይ ልሄድ ፈርሜያለሁ። ከዚህኛው ይርቃል። ነገ እሄዳለሁ።»

ልትለምነው አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። ፊቱ ላይ ያየችው ጭካኔ ቢሆን ኖሮ ትለምነው ነበር፤ ያየችው ግን እንደ እሷው የተሸነፈ ሰው ነው።

ይሄዳል ብላ ስትጠብቅ አልተነሣም። መሬት መሬት እያየ፣ «እዚህ ስትመጣ ምን ታደርግ ነበር?» አላት። «ንገሪኝ። ትስቅ ነበር?»

«ይስቁ ነበር።»

«እናቴ?» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም።»

እሷም ደረጃው ላይ፣ ከጎኑ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ተቀመጠችና ነገረችው። የመጀመሪያውን ማክሰኞ፣ «ፈተና ነው እንዴ?» ያሉትን። የሁለተኛውን። በሦስተኛው በርጩማውን በመሐረባቸው ጠርገው እንዴት እንደተቀመጡ። የቀይ እስክሪብቶውን ቀን ስትነግረው፣ በእንባው መሐል ሳቀ፤ ሲስቅ እሱም አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ያን አየች፤ ወሬውን ግን አላቋረጠችም።

እንዲያውም አስረዘመችው። ምን እንደለበሱ ጨመረች። ስለ የትኛዋ ተማሪ እንዳወሩ፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበረ፣ ጓንታቸውን በየትኛው እጅ እንደጀመሩ። ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ማክሰኞዎቹ ሲያልቁ እሱም እንደሚነሣ ታውቃለች። እሱም ሳያውቀው አልቀረም፤ አንዳንዴ የነገረችውን መልሶ ይጠይቃታል፣ እሷም መልሳ ትነግረዋለች። በዚያ ደረጃ ላይ፣ በዚያች ከሰዓት፣ ሁለቱ የሞተች እናት በመሐላቸው አስቀምጠው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተቀራርበው የማያውቁትን ያህል ተቀራረቡ።

ዘጠነኛውን ነገረችው። የእግራቸውን ጉድጓድ፣ ሰማያዊ ከንፈራቸውን፣ የታክሲውን መስታወት። አለቀ።

ተነሣ። ኮቱን ለበሰ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረና፣ «ሌላስ?» አላት፣ እንደ ሕፃን። «ሌላ ቀን አልመጣችም? የቀረ የለም?»

አሥረኛ ማክሰኞ ፈጥራ ልትነግረው ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስቀምጠዋል። ምናልባት ይመሻል፣ ምናልባት ያድራል፣ ምናልባት መኪናው ጥሎት ይሄዳል። እየጠበቃት ነው፤ እንድትዋሸው እየለመናት ነው።

«የለም» አለችው። «ዘጠኝ ብቻ ናቸው።»

ራሱን ነቀነቀና በገበያው መሐል ወደ ታች ሄደ። ጀርባውን እስከ ማዞሪያው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። በኋላም ቢሆን አልተመለሰም፤ ደብዳቤም አልመጣም። እሷ ግን ያን ቀን ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች፣ ጨለማው እስኪያርፍባት ድረስ፣ በሕይወቷ እውነት በመናገሯ እንዲህ ተጸጽታ አታውቅም።